ጃር ውስጥ የበቀለ ሁሉ አናኤሮብ አይደለም፦ አናኤሮቢክ ባክቴሪያን ደረጃ በደረጃ መለየት

አናኤሮብ ማለት ኦክስጅን ባለበት አየር የማይበቅል ባክቴሪያ ነው፤ ጃሩ ደግሞ አየር አልባ ሆኖ የሚዘጋ ማብቀያ ዕቃ ነው። እሱን ስለመለየት ጥያቄው በተለያየ መልክ ይደርሰኛል። አንዱ «ግራም ስቴይኑ ላይ ባክቴሪያው ሞልቶ አየሁ፤ ካልቸሩ ግን ባዶ ወጣ» ይለኛል። ሌላዋ «ጃር ውስጥ የበቀለውን አናኤሮብ ብዬ ሪፖርት ላደርግ ስል ኢ. ኮላይ ሆኖ አገኘሁት» ትላለች። መልሱን ደጋግሜ ከምናገር አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የመጀመሪያው ችግር አየር ነው። ባክቴሪያው መንገድ ላይ ወይም እናንተው ጠረጴዛ ላይ ሞቷል። ሁለተኛው ችግር የተዘለለ እርምጃ ነው። የሚዘለለው እርምጃ ከታች 7ኛው ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ቢያንስ እሱን ያንብብ።

መመሪያው ግራም ስቴይንና የተለመደውን ካልቸር መሥራት ለሚችል ሰው ነው። ከዚያ በታች ያለውን አልደግምም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አናኤሮቢክ ማጓጓዣ ሜዲያ
- አናኤሮቢክ ጃር፣ ጋዝ አመንጪ ከረጢትና ኦክስጅን ጠቋሚ፤ ወይም አናኤሮቢክ ቻምበር
- ሄሚንና ቫይታሚን ኬ1 የተጨመረበት የብሩሴላ ደም አጋር
- ቢቢኢ አጋር፣ ማለትም ሐሞት፣ ኤስኩሊንና ጄንታማይሲን ያለበት
- ኬቪኤልቢ አጋር፣ ማለትም ካናማይሲን፣ ቫንኮማይሲንና የፈነዳ ደም ያለበት
- ፊኒልኤቲል አልኮል ደም አጋር
- ቸኮሌት አጋር፣ የደም አጋርና ማኮንኪ አጋር (በአየር ለሚያድጉት)
- ሄሚንና ቫይታሚን ኬ1 ያለበት ታዮግላይኮሌት ብሮዝ
- ልዩ ጉልበት ያላቸው መለያ ዲስኮች፦ ቫንኮማይሲን 5 ማይክሮግራም፣ ካናማይሲን 1000 ማይክሮግራም፣ ኮሊስቲን 10 ማይክሮግራም
- ሜትሮኒዳዞል 5 ማይክሮግራም ዲስክ፣ የኤስፒኤስ (ሶዲየም ፖሊአኔቶል ሰልፎኔት) ዲስክ፣ የናይትሬት ዲስክ
- 15 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የስፖት ኢንዶል ሪኤጀንት፣ 3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ
- 365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት፣ ጥሩ ማጉያ ሌንስ፣ ሜታኖል
- የእንቁላል አስኳል አጋር (ክሎስትሪዲየም ሲጠረጠር)

ሁሉም ባይሟላ አትደናገጡ። የብሩሴላ ደም አጋር፣ ቢቢኢ፣ ቸኮሌት አጋርና ሦስቱ መለያ ዲስኮች ካሏችሁ ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ፕሌት አታሽትቱ። አናኤሮብ ጃር ሲከፈት ሽታው ራሱ ይመጣል፤ አፍንጫ ማስጠጋት አያስፈልግም። ከባድ በሽታ አምጪ የሆነ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

ናሙና ሲፈጭ፣ ሲበጠበጥና ሲከፈት ሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ይሁን።

አንዳንድ ጋዝ አመንጪ ከረጢቶች ሃይድሮጅን ያወጣሉ። ሃይድሮጅን ይፈነዳል። ጃሩን እሳት አጠገብ አትክፈቱ።

ሐኪሙ ቦቱሊዝም ከጠረጠረ ናሙናውን አትንኩ። ለኃላፊያችሁ ንገሩ፤ ሥራው ወደ ማጣቀሻ ላቦራቶሪ ይሂድ። መርዙ በጣም ጥቂት ቢሆንም ይገድላል።

አልትራቫዮሌት መብራት ስትጠቀሙ መከላከያ መነጽር አድርጉ።

1. ናሙናው ለአናኤሮብ የሚሆን መሆኑን አረጋግጡ

ከጥልቅ እባጭ በመርፌ የተሳበ መግል፣ በቀዶ ሕክምና የተወሰደ ሥጋ፣ ከሳንባ ዙሪያ ወይም ከሆድ ዕቃ የተቀዳ ፈሳሽና ደም ጥሩ ናሙናዎች ናቸው። አክታ፣ የጉሮሮ ስዋብ፣ በተለመደው መንገድ የተሸና ሽንት፣ የብልት ስዋብና ሰገራ አይሆኑም።

ለምን? አፍ፣ አንጀትና ብልት በጤነኛ ሰውም ቢሆን በአናኤሮብ የተሞሉ ናቸው። ከእነዚህ ቦታዎች የመጣ ናሙና ውስጥ አናኤሮብ ማግኘት ምንም አይነግራችሁም። አንድ ሳምንት ለፍታችሁ የምታወጡት ስም ሐኪሙን ያሳስተዋል። ሰገራ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ሲፈለግ። እሱም ቢሆን ቅርጽ ከሌለው፣ ማለትም ከተቅማጥ ሰገራ ብቻ ነው የሚሠራው። ደግሞ ባክቴሪያውን ማብቀል መርዝ ማምረቱን አያሳይም፤ የመርዙ ምርመራ ለብቻው ነው።

የማይሆን ናሙና ሲመጣ በትህትና መልሱ፤ የሚሆነውንም አብራችሁ ንገሩ። «አይሆንም» ብቻ ብሎ መመለስ ነገ ያንኑ ናሙና መልሶ ያመጣል።

2. ከአየር ጠብቁት፣ አታቀዝቅዙት

መግሉ በማጓጓዣ ሜዲያ ይምጣ። የግድ ስዋብ ከሆነ የአናኤሮብ ማጓጓዣ ያለው ስዋብ ይሁን፤ ደረቅ ስዋብ በአየር የተሞላ ጥጥ ነው።

ናሙናው በክፍል ሙቀት ይቆይ። ብዙ ሰው ከልማድ የተነሣ ፍሪጅ ውስጥ ይከተዋል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከሞቀው ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ያሟሟል። አንዳንዶቹ ዝርያዎችም ቅዝቃዜውን ራሱን አይችሉትም። ኢንኩቤተር ውስጥ ማስቀመጥም አይሆንም፤ ፈጣኖቹ ባክቴሪያዎች ዝግተኞቹን ይውጧቸዋል።

3. ግራም ስቴይን ሥሩ፣ ውጤቱንም ጻፉት

ስላይዱን በእሳት ሳይሆን በሜታኖል አድርቃችሁ አጣብቁት። እሳት የሴሎቹን ቅርጽ ያበላሻል፤ እዚህ ደግሞ ቅርጽ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጫፎቻቸው የሾሉ ቀጫጭን ሐመር ዘንጎች ካያችሁ ፊውሶባክቴሪየም ኑክሌያተምን ጠርጥሩ። ወፋፍራም፣ ጫፋቸው የተቆረጠ የሚመስል ግራም ፖዘቲቭ ዘንጎች ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን ያስታውሳሉ። ስፖር አላየሁም ብላችሁ አትተዉት፤ ይህ ዝርያ ናሙና ላይ ስፖሩን የሚያሳየው አልፎ አልፎ ነው። ከጋዝ ጋር የመጣ የሥጋ መበስበስ ላይ እንዲህ ያለ ዘንግ ካያችሁ ካልቸር አትጠብቁ፤ ወዲያው ለሐኪሙ ደውሉ።

የስላይዱ ሁለተኛ ጥቅም መቆጣጠሪያነቱ ነው። ስላይዱ ላይ ሦስት ዓይነት ቅርጽ አይታችሁ ፕሌቱ ላይ አንድ ብቻ ከበቀለ ሁለቱ የት ገቡ? ይህን ጥያቄ መጠየቅ የምትችሉት ያያችሁትን ከጻፋችሁ ብቻ ነው።

4. ሜዲያው ላይ ዝሩ

ፕሌቶቹ ከመዘራታቸው በፊት ከ6 እስከ 24 ሰዓት አየር አልባ ቦታ ይቆዩ። አጋር ውስጥ የተሟሟ ኦክስጅን አለ፤ ይህ ካልወጣ ባክቴሪያው ገና ሲያርፍበት ይጎዳል። ታዮግላይኮሌቱን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ምንም መድኃኒት የሌለበት የደም አጋር፣ ከዚያ መድኃኒት ያለባቸው። በተቃራኒው ከሄዳችሁ መድኃኒቱ በሉፕ ወደ ደም አጋሩ ይሻገራል።

የእያንዳንዱ ሥራ ይህ ነው።

- *የብሩሴላ ደም አጋር* ሁሉንም ያበቅላል። ሄሚኑና ቫይታሚን ኬው የግድ ናቸው፤ ፕሪቮቴላና ፖርፊሮሞናስን የመሰሉት ያለ እነሱ ይለግማሉ።
- *ቢቢኢ* የባክቴሮይደስ ፍራጊሊስን ቡድን ይመርጣል። ሐሞቱን ችሎ ያድጋል፣ አጋሩንም ያጠቁራል።
- *ኬቪኤልቢ* ባክቴሮይደስና ፕሪቮቴላን ይመርጣል። የፈነዳው ደም የፕሪቮቴላን ጥቁር ቀለም ያፋጥናል። ፖርፊሮሞናስን ግን እዚህ አትጠብቁ፤ ቫንኮማይሲኑ ይገድለዋል።
- *ፊኒልኤቲል አልኮል አጋር* ፕሌቱን ሁሉ የሚሸፍነውን ፕሮቲየስ ያስቆማል።
- *ታዮግላይኮሌት* መጠባበቂያ ነው። ናሙናውን በፒፔት ከሥሩ አስቀምጡት።

ደም አጋሩ ላይ፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጭረት በሚገናኙበት ቦታ፣ የሜትሮኒዳዞል ዲስክ አሳርፉ። ይህን ብልሃት በጣም እወደዋለሁ። ከ48 ሰዓት በኋላ ዲስኩ ዙሪያ ባዶ ክብ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ አናኤሮብ አለ ማለት ነው። በአየርም የሚኖሩት ዲስኩ ሥር ድረስ ይበቅላሉ። ነገር ግን አክቲኖማይሲስና ኩቲባክቴሪየም አክነስ ሜትሮኒዳዞልን ይቋቋማሉ፤ ስለዚህ ክብ አልታየም ማለት አናኤሮብ የለም ማለት አይደለም።

በጎን በአየር የሚያድጉትን ፕሌቶች መዝራት አትርሱ። ማወዳደሪያችሁ እነሱ ናቸው።

5. ጃሩን ዝጉ፣ ጠቋሚውን እዩ

ፕሌቶቹን ገልብጣችሁ ደርድሩ። ከረጢቱን ክፈቱና በ1 ደቂቃ ውስጥ ጃሩን ዝጉ። የከረጢቱ መጠን ከጃሩ ጋር ይመጣጠን፤ ለትንሽ ጃር የተሠራ ከረጢት ትልቁን አይችለውም። ጃራችሁ ፓላዲየም ካታሊስት የሚጠቀም ከሆነ ካታሊስቱ እርጥበት ስለሚያዳክመው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ2 ሰዓት አድርቁት። በአስኮርቢክ አሲድ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ከረጢቶች ካታሊስት አይፈልጉም። ቻምበር ያላችሁ የጋዙን ቅይጥ ተከታተሉ፤ የተለመደው 85 በመቶ ናይትሮጅን፣ 10 በመቶ ሃይድሮጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ከዚያ ጠቋሚው። ሬዛዙሪን ኦክስጅን ሲያገኝ ሮዝ ነው፤ ሲያጣ ቀለም አልባ ይሆናል። ሜቲሊን ብሉ ከሰማያዊ ወደ ነጭ ይሄዳል፤ ሰዓታት ይፈጃል። በማግስቱ ጠዋት አሁንም ቀለም ካለው ጃሩ ያፈሳል።

አንድ ጊዜ ሮዝ ጠቋሚ አይቼ «አሮጌ ስለሆነ ነው» ብዬ አልፌ ነበር። የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቆ ኖሯል። የሁለት ቀን ሥራ፣ ከአንድ ታካሚ ዳግም የማይገኝ ናሙና ጋር፣ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ጎማውን በጣቴ ሳልዳስስ ጃር አልዘጋም።

6. 48 ሰዓት ሳይሞላ አትክፈቱ

ሙቀቱ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ብዙዎቹ አናኤሮቦች በመጀመሪያው ቀን ገና ማደግ እየጀመሩ ስለሆነ ኦክስጅን በጣም የሚጎዳቸው ያኔ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ በ24 ሰዓት ይበቅላል። ጋዝ ጋንግሪን ከተጠረጠረ ሁለተኛ ፕሌት በሌላ ጃር ዝሩና እሱን በማግስቱ ክፈቱ፤ ዋናውን አትንኩ።

እድገት ከሌለ መልሳችሁ ዝጉ። ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይሞላ «የለም» አይባልም። አክቲኖማይሲስ ከተጠረጠረ እስከ 14 ቀን ታገሡ። ታዮግላይኮሌቱ ደፍርሶ ፕሌቶቹ ባዶ ከሆኑ ከሥሩ ቀድታችሁ እንደገና ዝሩ።

ሲከፈት በማጉያ ሌንስ እዩ። የዳቦ ፍርፋሪ የሚመስሉ ኮሎኒዎች የፊውሶባክቴሪየም ኑክሌያተም መልክ ናቸው። መንጋጋ ጥርስ የሚመስል ነጭ ኮሎኒ አክቲኖማይሲስ እስራኤሊን ያስጠረጥራል። ድርብ የደም መፍረስ፣ ማለትም ውስጡ ፍጹም ጥርት ያለ፣ ውጪው ድብዝዝ ያለ ክብ፣ የክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ምልክት ነው። ከዚያ አልትራቫዮሌቱን አብሩ። ጡብ የሚመስል ቀይ ብርሃን ፕሪቮቴላን ወይም ፖርፊሮሞናስን ያሳያል፤ ጥቁር ቀለማቸው እስኪወጣ ቀናት ከመጠበቅ ያድናል።

በአንድ ጊዜ አንድ ጃር ብቻ ክፈቱ። ስልክ ከጠራ ይጥራ።

7. የአየር መቋቋም ፈተና

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ጃር ውስጥ የሚበቅሉት ብዙዎቹ ኮሎኒዎች አናኤሮብ አይደሉም። ኢ. ኮላይ፣ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ አየር ኖረ አልኖረ ይኖራሉ። ፕሌት ላይ አይቶ መለየት አይቻልም፤ ልምድ ያለውንም ሰው ያታልላሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱን የተለየ ኮሎኒ ወስዳችሁ ሁለት ቦታ ዝሩት፦

ሀ. የብሩሴላ ደም አጋር፣ ጃር ውስጥ፣ 48 ሰዓት።
ለ. ቸኮሌት አጋር፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት አየር፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት።

ሀ ላይ ብቻ ከበቀለ አናኤሮብ ነው። ሁለቱም ላይ ከበቀለ አይደለም።

ለምን ቸኮሌት? ሄሞፊለስ ጃር ውስጥ ያለ የደም አጋር ላይ ሊበቅል ይችላል፤ በአየር ያለ ተራ የደም አጋር ላይ ግን አይበቅልም። ቸኮሌት ካልተጠቀማችሁ ሄሞፊለስን «አናኤሮብ» ብላችሁ ታወጣላችሁ። ለምን ካርቦን ዳይኦክሳይድ? ያለ እሱ የማይበቅሉ፣ ግን አናኤሮብ ያልሆኑ ስላሉ።

ወጥመድ አለ። ክሎስትሪዲየም ተርሺየምና ጥቂት ዘመዶቹ በአየርም ደካማ እድገት ያሳያሉ። ሰው ባሲለስ ይላቸዋል። መለያው ይህ ነው፦ እነሱ ካታሌዝ (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚሰብር ኢንዛይም) ኔጌቲቭ ናቸው፣ በአየር ላይም ስፖር አይሠሩም። ባሲለስ ሁለቱንም በተቃራኒው ነው።

8. ንጹሕ ካልቸር ላይ ግራምና ሦስቱ ዲስኮች

የሀ ፕሌት ላይ፣ የመጀመሪያው ጭረት ውስጥ፣ ሦስቱን መለያ ዲስኮች አራርቃችሁ አስቀምጡ። ከ48 ሰዓት በኋላ ክቡን ለኩ። 10 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ «ተቋቋመ»፣ ከ10 በላይ ከሆነ «ተሸነፈ» ነው።

- በቫንኮማይሲን ተሸነፈ፣ ኮሊስቲንን ተቋቋመ፦ ግራም ፖዘቲቭ።
- ሦስቱንም ተቋቋመ፦ የባክቴሮይደስ ፍራጊሊስ ቡድን።
- ቫንኮማይሲንን ተቋቋመ፣ በካናማይሲንና በኮሊስቲን ተሸነፈ፦ ፊውሶባክቴሪየም፤ የባክቴሪያው ቅርጽ ክብ (ኮከስ) ከሆነ ቬይሎኔላ።
- ቫንኮማይሲንና ካናማይሲንን ተቋቋመ፣ ኮሊስቲን ይለያያል፦ ፕሪቮቴላ።
- በቫንኮማይሲን ተሸነፈ፣ ሌሎቹን ተቋቋመ፣ ግራም ስቴይኑ ግን ኔጌቲቭ ዘንግ፦ ፖርፊሮሞናስ።

ዲስኮቹ ለመለየት ብቻ ናቸው። ካናማይሲኑ 1000 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ የሕክምና መጠን አይደለም። «በቫንኮማይሲን ይድናል» ብሎ ከዚህ ሪፖርት መጻፍ ከባድ ስህተት ነው።

አንዳንድ ክሎስትሪዲየሞች በግራም ስቴይን ሮዝ ይሆናሉ። ዲስኩ ግራም ፖዘቲቭ ካለ ዲስኩን እመኑ። ጥርጣሬ ካለ ኮሎኒውን በ3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በጥብጡት፤ እውነተኛ ግራም ኔጌቲቭ ሉፑ ሲነሣ እንደ ክር ይሳባል።

9. ፈጣን ፈተናዎች

*ካታሌዝ።* ፕሌቱን 30 ደቂቃ አየር ላይ አቆዩ፤ ከዚያ 15 በመቶ ፐርኦክሳይድ ጨምሩ። ሳይቆይ ከተሠራ ውጤቱ በሐሰት ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። የሉፑ ጫፍ ደም አጋሩን አይቧጭ፤ ደም ራሱ አረፋ ይሠራል።

*ስፖት ኢንዶል።* ኮሎኒውን ሪኤጀንቱን በጠጣ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀቡ። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ፖዘቲቭ ነው። ካልቸሩ ንጹሕ ይሁን፤ ኢንዶል በአጋሩ ውስጥ ስለሚሰራጭ ጎረቤት ያመረተውን ለሌላው ልትሰጡ ትችላላችሁ። ግራም ፖዘቲቭ ቅርጸ ቢስ ዘንግ፣ ኢንዶልም ካታሌዝም ፖዘቲቭ ከሆነ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱ የቆዳ ነዋሪ ስለሆነ ከአንድ የደም ጠርሙስ ብቻ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ብክለት ነው።

*ናይትሬት።* ቬይሎኔላን ያረጋግጣል።

*ኤስፒኤስ ዲስክ።* ቅርጻቸው ክብ ለሆነ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች (ኮከሶች) ነው። ዲስኩ ዙሪያ 12 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ባዶ ክብ ከወጣ ፔፕቶስትሬፕቶኮከስ አናኤሮቢየስ ነው።

*እንቁላል አስኳል።* ኮሎኒው ዙሪያ ነጭ ደመና ሲወጣ ሌሲቲኔዝ የተባለው ኢንዛይም አለ ማለት ነው፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ላይ ይጠበቃል። ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት የመሰለ ብልጭታ ሲታይ ደግሞ ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ ላይ ካያችሁት ፊውሶባክቴሪየም ኔክሮፎረምን አስቡ።

10. ስሙን መጨረስ

እስከዚህ ቡድኑን አግኝታችኋል። ለብዙ ሐኪሞች ይህ ይበቃል፤ «የባክቴሮይደስ ፍራጊሊስ ቡድን» የሚለውን ዛሬ መስማት፣ ሙሉ ስሙን ከአምስት ቀን በኋላ ከመስማት ይሻላል። ለዝርያ ሦስት መንገድ አለ።

የኢንዛይም ኪት በሰዓታት ውስጥ ይመልሳል። የድፍርሰቱን መጠን ልክ የኪቱ ወረቀት እንደሚለው አድርጉ፤ ቀጭን ድፍርስ ሐሰተኛ ኔጌቲቭ ይሰጣል።

ማልዲ-ቶፍ (ባክቴሪያውን በፕሮቲኖቹ ክብደት የሚለይ ማሽን) ካላችሁ በደቂቃዎች ያልቃል። ኮሎኒው ትኩስ ይሁን፤ ያረጀና ስፖር የሞላው ኮሎኒ ደካማ ውጤት ይሰጣል። ለግራም ፖዘቲቭ በማሽኑ የናሙና ሰሌዳ ላይ 70 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ጨምሩ፤ ወፍራሙን ግድግዳ ይከፍተዋል። የወጣው ስም ከግራም ስቴይኑ ጋር ካልተስማማ ማሽኑን አትመኑ፤ ድገሙ።

ሁለቱም ካልሠሩ የ16ኤስ ጂን ንባብ፣ ማለትም የባክቴሪያውን የራይቦሶም አርኤንኤ ጂን አንብቦ መለየት፣ ይቀራል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጃሩን «እስኪ ልይ» ብሎ በ18 ሰዓት መክፈት። ከአንድ ፕሌት አንድ ኮሎኒ ብቻ መምረጥ፤ እባጭ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በርካታ ዝርያዎች አብረው አሉ። ከቢቢኢ ላይ ጥቁር ነገር ስላዩ ብቻ ባክቴሮይደስ ማለት፤ ቢሎፊላ የተባለው ሌላ አናኤሮብም መሃሉ ጥቁር የሆነ ኮሎኒ ያበቅላል፣ ስለዚህ ዲስኮቹ ይወስኑ። ቢቢኢን በ24 ሰዓት አይቶ ባዶ ነው ብሎ መጣልም እንዲሁ፤ ቢሎፊላ ብዙ ቀን ይፈልጋል።

ትልቁ ግን ቁጥጥር አለመሥራት ነው። አዲስ ሜዲያ ወይም ዲስክ በመጣ ቁጥር በታወቀ ዝርያ ሞክሩት፤ ባክቴሮይደስ ፍራጊሊስ ኤቲሲሲ (የመደበኛ ዝርያዎች ስብስብ ቁጥር) 25285 እና ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ኤቲሲሲ 13124 ጥሩ መነሻ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ግን ጠንካሮች ስለሆኑ ጃሩ ትንሽ ቢያፈስም ሊበቅሉ ይችላሉ። ለጃሩ ፈተና እንደ ፊውሶባክቴሪየም ኑክሌያተም ያለ ቀበጥ ጨምሩበት። እሱ ካልበቀለ የታካሚው «እድገት የለም» ውጤት ከላቦራቶሪው አይውጣ።